ዓይን ሄዶ ሰውነት ሲቀር

ሰይድ የወደቀው ዞሮበት ነው ወይስ አዳልጦት?

ይህን ጥያቄ ሳነሳና ስጥል ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ሥራዬ የሰው አካል ነበር፤ የተሰበረ፣ የተቆረጠ፣ የዛለ አካል እንደገና እንዲታዘዝ ማለማመድ። ስለዚያ ሥራ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ግን እጄ ወደ አንድ ዓርብ ይሄድብኛል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ ዓርብ በሚወስደው መንገድ ላይ እያለሁ እናገራለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዓመቴ ነው። አምባሰል ውስጥ በልጅነቴ ተድሬ፣ ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ገባሁ። ቀጥዬም ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ላጲስ አለሽ?» ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍ ሲያገኝ አይለቅም፤ ስሕተትን ደግሞ እንደ እባብ ይፈራል። ሌላው በአሥር ደቂቃ የሚሞላው ቅጽ እኔን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ባልደረቦቼ «እሷ ከጻፈችውማ ማየትም አያስፈልግ» ይሉ ነበር። ያ ምስጋና ኋላ ምን እንዳደረገኝ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ኬላ ነው። ቁስል አጠብኩ፣ ክትባት ወጋሁ፤ ደመወዙ ሲመጣ መጣ፣ ሲቀር ቀረ። ስምንት ዓመት ሠርቼ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ አንድ ስሙን የማልጠራው የተራድኦ ድርጅት ግቢ ተከራይቶ የአካል ማገገሚያ ከፍቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ይባላሉ። በጉርምስናቸው ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ፣ ሙያውን ከፈረንጅ ሐኪሞች ኋላ ቆመው በማየት ጀምረው በኋላ ዲፕሎማ ያገኙ ሰው ናቸው። እኔን ሠራተኛ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ይመር በሽተኛን «እንዴት ነህ?» ብለው አይጠይቁም። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት እኔ አንዱን ሽማግሌ «ደህና ነዎት?» ስል ሰሙኝና ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ስሚ፣ የእኛ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት የሚመልሰው ለጠያቂው አይደለም፤ ለፈጣሪው ነው» አሉኝ። «ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ክርስቲያኑ ተመስገን ይላል። ነፍሱ ልትወጣ ስትልም ያው ነው። ለፈጣሪ የተባለውን ቃል አንቺ ወረቀት ላይ ልታሰፍሪው ነው?»

«ታዲያ በምን ልወቅ?»

«ዓይን የለሽም?»

እሳቸው የሚያዩት የላይኛውን ከንፈር ነው። ሕመም ሲጀምር ላብ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ነው ይላሉ። ሰላምታ አስመስለው እጅ ይይዙና የመዳፉን ቅዝቃዜ ይለካሉ። ምራቅ መዋጥ ይቆጥራሉ፣ ማዛጋት ይቆጥራሉ። «ትናንት ማታ ማን አጠገብ ተኛህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰውየው ሲመልስ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ሳያስበው ያወጣዋል። የማስታወኪያ ሳህኑን ግን ሁልጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ይደብቁ ነበር፤ «ሳህን ያየ ሰው ያስታውከዋል» ይሉ ነበር። ደግሞ ከወንበሩ እስከ በሩ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም ስምንት እርምጃ የሚሆን መስመር አስምረዋል። ማንም ቢሆን፣ ክራንች ይያዝ ዱላ፣ ያን መስመር ሳይዛነፍ ካልሄደ ከበሩ አይወጣም።

ለውጡ የመጣ ሰሞን አገሩ ሁሉ ስብሰባ ሆነ። ያልተጎበኘ ግቢ፣ ቃል ያልተገባለት ሰው አልነበረም። እኛም ዘንድ ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ ሁለት ቪአር መነጽር ይዞ መጣ። ዓይንን እንደ ጭምብል ግጥም አድርጎ የሚሸፍንና በውስጡ ሌላ አገር የሚያሳይ መነጽር ነው፤ ራስህን ስታዞር ያም አገር አብሮህ ይዞራል። ድርጅቱ ለታካሚ ማለማመጃ ነው አለ። መሐንዲሱ ለእንግዶች ለማሳየት ከተራራ ጫፍ ላይ የሚያስኬድ ሥዕል ከፈተ። ከከተማው ሹማምንት አንዱ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ አደረጉት። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ኧረ ያዙኝ! ገደል ነው! ያዙኝ እንጂ እናንተ!»

ወንበሩን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ከወንበሩ እንዳይወርዱ ነው የፈሩት» አለ፤ ሳቁ ባሰ። እሳቸውም መነጽሩን አውልቀው አብረው ሊስቁ ሲሉ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋሽ ይመር ሳህኑን ከመጋረጃው ጀርባ ይዘው የደረሱት ልክ በሰዓቱ ነበር።

መሐንዲሱ «ይለመዳል፣ ችግር የለም» አለ።

ጋሽ ይመር ግን ሳምንቱን ሙሉ መነጽሩን በየቀኑ ራሳቸው አደረጉት፤ እኔ ሰዓት እየያዝኩ። በስንተኛው ደቂቃ ላብ እንደወጣቸው፣ ካወለቁ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ወለሉ እንደሚነቃነቅባቸው አስጻፉኝ። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ።

«ጀልባ ላይ የሚያመው ሰው፣ ሰውነቱ ሲወዛወዝ ዓይኑ የጀልባውን ወለል ብቻ ስለሚያይ ነው። አካሉ ሄድኩ ይላል፣ ዓይኑ አልሄድኩም ይላል። ይሄ ግልባጩ ነው። ዓይን ይሄዳል፣ ሰውነት ወንበር ላይ ይቀራል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚከፍለው ሆድ ነው። ጀልባ ላይ ሰውየውን ዳር ዳሩን እይ እንለዋለን፤ እዚህ ግን ዳር የለም። ተጠንቀቂ። ሲያወልቁትም ጠቡ ወዲያው አይበርድም፤ ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ይመጣል።»

ከዚያ ሳምንት የወጡት ደንቦች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከአሥር ደቂቃ በላይ የለም። ፊት ለፊት ቬንትሌተር ይከፈት፤ ነፋሱ ሰውየው የት እንደተቀመጠ ያስታውሰዋል። ጫማ ወልቆ እግር መሬት ይንካ። መጀመሪያ ባዛጋ ጊዜ ይቁም። ከወለቀ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ መስመሩን ይሂድ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲወርድ ግቢው ተዘጋ። እኔ አርዲቦ አጠገብ ዘመድ ቤት ተጠጋሁ። ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ስንመለስ አልጋው፣ ክራንቹ፣ በሩ ሳይቀር ተወስዷል። ሁለቱን መነጽሮች ያገኘናቸው ጓሮ ተጥለው ነው፤ የወሰዳቸው ሰው አድርጎ አይቶ ባዶ ጨለማ ሲሆንበት የወረወራቸው ይመስለኛል። አንደኛው ሠራ። ጋሽ ይመር የተዘረፈውን ክፍል ዞረው አዩ፣ ነጩን መስመር በእግራቸው አቧራውን ጠረጉለት፣ በዚያው ወር ሥራ ለቀቁ። ለውጡን የምር ያመኑ ሰው ነበሩ። ክፍሉ የእኔ ሆነ።

በሽተኞቹ የዚያን ጊዜ ነው የበዙት። ያለፈው ጦርነት መሬት ውስጥ የተወው ነገር ነበርና እግር የሌላቸው ገበሬዎች ይመጡልን ጀመር። የተቆረጠ እግር ያማል፤ በሌለበት ቦታ ያማል። መሐንዲሱ ለዚህ የሚሆን አዲስ ሥዕል ላከ። ታካሚው ወደ ታች ሲያይ ሁለት እግር ያያል፤ በሁለቱም ወደ አንድ ውሃ ቁልቁል ይሄዳል። አእምሮ እግሩን ሲያይ የጨበጠውን ሕመም ይፈታል። አንዳንዱ ላይ በእርግጥ ይፈታ ነበር።

አብሮት በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ መጣ፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። «አጥወለወለኝ» ልበል «አቅለሸለሸኝ»፣ «ዞረብኝ» ልበል «አዞረኝ» እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁበት። ዜሮ ማለት ምንም፣ ሦስት ማለት ብርቱ። ቃላቱ እንከን አልነበራቸውም። ጥያቄው ግን ያው ጋሽ ይመር የከለከሉኝ ጥያቄ ነበር፤ እንዴት ነህ?

ሰይድ ከአምባሰል ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ማሽላውን ሊያጭድ ገብቶ ፈንጂ ረገጠ። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ቀረ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀልደኛ።

«ሲስተር፣ ወላሂ አውራ ጣቴን ይበላኛል። የሌለ ጣት እንዴት ይበላል?»

«አእምሮህ ገና አልሰማም፤ እግሬ አለ ብሎ ነው የሚያስበው።»

«እኔ እንኳን ሌላ መስሎኝ ነበር። እግሬ ቀድሞኝ ጀነት ደጃፍ ቆሟል፤ ና እንጂ ብሎ እየጠራኝ ነው።»

በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን አድርጎ ወደ ታች አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ወደ ግራ እግሩ ተዘረጋ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ያረቢ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሲራመድ ያንጎራጉር ነበር፤ ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ፣ በአምባሰል ቅኝት። ሦስት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ተጨብጠው የነበሩት ጣቶች እንደተፈቱለትና ሌሊቱን እንደተኛ ነገረኝ። ሳልጠይቀው ስለተናገረው አመንኩት።

አራተኛው ዓርብ ነበር። በስድስተኛው ደቂቃ እንጉርጉሮው ተቋረጠ። ሰማሁት፤ መቋረጡን ማለቴ ነው። ቀና ስል አዛጋ።

«ይበቃሃል ሰይድ።»

«ትንሽ ይተዉኝ፣ ሲስተር። ውሃው ጋ ልደርስ ነው። አንድም ቀን ሳልደርስ ነው የሚያስወልቁኝ።»

ተውኩት። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ነው ያወለቀው። ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ነበረ፤ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሞ ስለነበር ሙቀቱ ነው አልኩ። መጠይቁን አወጣሁ።

«አጥወለወለህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ዞረብህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሲስተር። አብሽር ይበሉኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮ ጻፍኩ። የጠየቅሁበት አማርኛ የእኔ ነው፣ የመለሰው ቃል ለእኔ እንዳልተባለ አውቃለሁ፣ አሁንም ዜሮ ጻፍኩ።

ካወለቀ በአምስተኛው ደቂቃ ሰዓት ጠየቀኝ። «ጁምዓ ሊያመልጠኝ ነው። ከሶላት በኋላ ደግሞ መኪናው ወደ ውጫሌ ይነሳል።»

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው የማያውቅ አንባቢ ላይገባው ይችላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ። በወሎ ምድር አንድ ክርስቲያን የሙስሊም ጎረቤቱን ጁምዓ አያስፈታም፤ ይልቅ በጉን ይጠብቅለታል፣ ሱቁን ይዞለት ይቆያል። እሱም ቢሆን በእንግድነት የገባበት ቤት የቀረበለት ነገር አሞኛል አይልም፤ ነውር ነው። ሁለታችንም ጨዋ ነበርን። «ሂድ፣ ዱዓ አድርግልኝ» አልኩት። መስመሩን አላስኬድኩትም። ክራንቹን ራሴ አቀበልኩት፤ በጎን በኩል፣ መስመሩን ሳይነካ ወጣ።

ከወጣ በኋላ ቅጹን ጨረስኩ። «ሠላሳ ደቂቃ አርፏል። መስመሩን ሳይዛነፍ ሄዷል።» በሕይወቴ ሳላይ የጻፍኩት ያን ብቻ ነው። ለምን እንደጻፍኩት ብዙ ምክንያት ደርድሬያለሁ፤ እውነቱ ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ማስረከብ ስለማልወድ ነው።

እሑድ አንድ ዘመዱ መጥቶ ነገረን። ሰይድ ሶላቱን ሰግዷል፣ መኪናው ላይ ሳለ ዝም ብሎ ነበር፣ ከመንገድ ወርዶ ወደ ቤቱ ቁልቁል ሲሄድ ከነክራንቹ ወደቀ። ጭንቅላቱን ድንጋይ አገኘው። ወደ መንገድ ተሸክመውት ሲወጡ ሕይወቱ አለፈ።

ከድርጅቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ቅጹን አዩ፤ የእኔ ጽሕፈት ነው። አንዱ «እሷ ከጻፈችውማ» አለና ማኅደሩን ዘጋ። የክራንች አደጋ ተባለ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም።

የጠየቁኝ ጋሽ ይመር ብቻ ናቸው። ወሬውን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ነጩን መስመር ቁልቁል እያዩ።

«መስመሩን ሄዷል?»

«ሄዷል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን አላዩም፤ የላይኛውን ከንፈሬን ነው ያዩት። ከዚያ ተነሥተው «በይ፣ እግዜር ያጽናሽ» ብለው ወጡ። ደግመው ወደዚያ ክፍል አልመጡም። በዓመቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ የእሳቸው ተማሪ እያለ ሲያጽናናኝ ዋለ።

እኔ እስከ ጡረታዬ እዚያው ሠራሁ። መነጽሩን ለሌሎች አደረግሁ፣ ሠላሳ ደቂቃውን በሰዓት አስቆጠርኩ፣ ጁምዓ የሚያመልጠውን ሁሉ በሌላ ቀን ቀጠርኩ። ይህ ሰይድን አይመልስም። በየሰው ፊት ግን እሱን እያየሁ ለራሴ እከራከር ነበር። ዞሮበት ቢሆን ሲሰግድ ይወድቅ ነበር እላለሁ። ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ይመጣል የሚለው የጋሽ ይመር ቃል ይመልስልኛል። በመጽሐፍም ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። መጽሐፍ ስለ ሰው ይናገራል፣ ስለ ሰይድ አይናገርም። ስሰናበት ጋቢ አለበሱኝና በመስታወት የገባ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ላዩ ላይ «ለታማኝ የመረጃ አያያዝ» ይላል። ቤት ወስጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አምባሰል ሄድኩ።

የሰይድ ሚስት ዘሀራ ትባላለች። ደጇ ላይ በርበሬ ስትለቅም አገኘኋት፤ ለለቅሶው ሄጄ ስለነበር አወቀችኝ። ዱካ አቀረበችልኝ። ለወሬ ጊዜ አልሰጠሁም፤ ከሰጠሁ እንደማልናገር አውቃለሁ። ከወንበሩ ጀምሬ ነገርኳት። እንጉርጉሮው መቋረጡን፣ አሥራ አራቱን ደቂቃ፣ አምስቱን ደቂቃ፣ የጻፍኩትን። ጆሮዋን ሰጥታኝ እጇ ግን በርበሬውን መልቀም አላቆመም።

«ስንት ደቂቃ መቀመጥ ነበረበት አሉኝ?»

«ሠላሳ።»

«አምስት ተቀመጠ።»

«አምስት።»

እጇ ቆመ።

«የክራንቹ ጫፍ ጎማ አልቆበት ነበር» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት እኔ ነኝ የለወጥኩለት። የማያደርገውን የግራ እግሩን በረባሶ ቆርጬ በሽቦ አሰርኩለት። ያዳልጥ እንደሆነ አይቼ አልሞከርኩትም፤ መኪናው ሊያመልጠው ነበር። እናቱ ስቆርጥ አይተውኛል። ልጄን የገደለው ያ በረባሶ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ እንኳ አይቀበሉም። አንድ ግቢ ነው ያለነው። እኔም ልክ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ዝምታዬ የሚበላው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እና የትኛው ነው? የእርስዎ ነው የእኔ?»

«አላውቅም፣ ዘሀራ። ወላጅ እናቴን፣ አላውቅም።»

«አያውቁም።» ቃሉን ለራሷ ደገመችው። «አውፍ ብዬ ይቅር እንድልዎት ነው የመጡት?»

አይደለም አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት አሁንም አልለየሁትም።

በርበሬውን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ተነሣች። «ይነሡ» አለችኝ። ከግቢው ልታስወጣኝ መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ክንዴን ያዘችና ወደ ጓሮ፣ በሯ ገርበብ ወዳለች ትንሽ ቤት ወሰደችኝ። ከውስጥ የአሮጊት ሳል ይሰማል። ደፉ ላይ ስንደርስ ቆም አለች።

«እንደነገሩኝ አድርገው ለሳቸውም ይንገሩ። ከወንበሩ ጀምረው፣ አንድ ሳያስቀሩ» አለች። «ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ጆሯቸው ከብዷል።»